ጥቁር ቱታ

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ሚስቱ ቱታ ታቀልማለች! ኧረ ኑና እዩልኝ፣ እናንተ ጎረቤቶች!»

ትሩፋት ይህን ስትሰማ ጓዳ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች እንጂ ቶሎ አልተነሳችም። የባሏ ታላቅ እህት የእትዬ ገዲሴ ቁጣ እንደ ሐምሌ ዶፍ መሆኑን ታውቃለች፤ ሮጠው ቢገቡበት መበስበስ ነው፣ ተጠልለው ካሳለፉት ግን ራሱ ያባራል። ቱታውን ጎሕ ሳይቀድ ከግንቡ ጥግ ባለው ሽቦ ላይ፣ ከአንሶላዎቹ ኋላ ደብቃ አስጥታው ነበር። ዝቅ ብሎ ባለው ሁለተኛ ሽቦ ላይ እትዬ ገዲሴ ለነገ ቅዳሴ አጥበው ያሰጡት ነጭ ነጠላ መኖሩን በጨለማ አላየችም። ቱታው ጥቁር ቀለሙን ጠብ ጠብ እያደረገ አርፍዶ ነጠላውን የጅግራ ላባ አስመስሎታል። የቀረው ቀለም መሬት ላይ ኩሬ ሠርቷል። እትዬ ገዲሴም ኩሬውን እየረገጡ ከሽቦው ሳሎን፣ ከሳሎን ሽቦው ሲመላለሱ ስለነበር በፕላስቲኩ ምንጣፍ ላይ አንድ የባዶ እግርና አንድ የሰንደል ጫማ ጥቁር ምልክት ተራ በተራ ተሰልፏል። ሌላኛው ሰንደል ግቢው መሃል ወልቆ ቀርቷል። ትሩፋት ጫማውን አንስታ ስታቀርብላቸው፣ መጀመሪያ ጫማውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን አዩና፣ «ይሄ ደግሞ መቼ ወለቀ?» አሉ። ንዴት ነው ብላ አለፈችው።

ግቢው አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የመካኒሳ ግቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ፊቱን አያሳይም፣ ጆሮውን ብቻ በር ላይ ይተዋል። የአንዱ ቤት ሬዲዮ ዝቅ አለ። የሌላው ቤት ሙቀጫ ቆመ። እትዬ ገዲሴ ቱታውን በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው ወደ ብርሃን ገለበጡት። ጨርቁ ጠቁሯል፤ በግራና በቀኝ የሚወርዱት መስመሮች ግን ቀለሙን እምቢ ብለው ነጭ እንደሆኑ ቀርተዋል። ትሩፋት ዕድሜዋን በልብስ ፋብሪካ የጨረሰች ሴት ናት፤ ናይለን ጥቁር ቀለም እንደማይጠጣ አጥታው አይደለም። ከሰዓት በኋላ መስመሮቹን ፈትታ በጥቁር ጨርቅ ልትተካቸው አስባ ነበር።

«ይሄ የከበበው አይደለም ወይ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«በአርባው ልብሱ ለነዳያን ሲሰጥ የት ነበር?»

«አስቀርቼው ነው።»

«ለምን ብለሽ?»

«ልለብሰው።»

እትዬ ገዲሴ ቱታውን ሽቦው ላይ ወርውረው፣ የተበላሸ ነጠላቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡና ሳሎን የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። እዚያው ሆነው፣ «ዛሬውኑ አባ ኢያቄም ይጠሩልኝ። በሳቸው ፊት ይለይልናል» አሉ።

ያ ፍራሽ የተነጠፈው በመጋቢት፣ ከበበው የተቀበረ ዕለት ነው። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ለቀስተኛው ወደየኑሮው ተመለሰ፤ ፍራሹ ግን አልተነሳም፣ እትዬ ገዲሴ ስላልተነሱ። የወንድማቸውን ሙት ዓመት ሳያወጡ ወደ ፍቼ እንደማይመለሱ ተናግረዋል። ሐዘንተኛ አይነሳም፣ ሐዘንተኛ አይሠራም፣ ሐዘንተኛ ፊቱን ወደ ፀሐይ አያዞርም፤ ይህ ሁሉ ለትሩፋት በየቀኑ የሚነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልትነሳ ባለች ቁጥር አንድ እጅ ትከሻዋን ይዞ ያስቀምጣት ነበር። «ተቀመጪ፣ የኔ እህት። እኛ እያለን?» ይላሉ። ምግብ ይመጣል፣ ለስላሳ ይመጣል፣ ሻይ በስኳር ይመጣል፤ አልበላም ካሉ ደግሞ «ራስሽን ልትገድይ ነው?» ይባላል። በፍቅር ነው። በፍቅር መሆኑ ነው ያስቸገራት፤ በጠላትነት ቢሆንማ እንዴት እንደምትመልስ ታውቅ ነበር። ጉልበቷ ታሰረ፣ ወገቧ ደነደነ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ አጠረ። ዕድሜሽ ነው አሏት። እሷ ግን በመጋቢት መጀመሪያ ከሀይሌ ጋርመንት ገበያ ዘንቢል አንጠልጥላ በእግሯ የምትመለስ ሴት ነበረች፤ ዕድሜ እንዲህ በሰኔ የሚገባ እንግዳ አይደለም ትላለች ለራሷ።

ከበበው ደግሞ በሕይወቱ አንድ ቀን አሞኝ ያለ ሰው አልነበረም። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መቀመጫው ሥራው፣ ሥራው መቀመጫው። ጡረታ ሲወጣ ልጃቸው ኖላዊ ይህንን ቱታ ገዛለትና፣ «አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ወጣ እያልክ ተራመድ፣ ደም ብዛትህንም ተለካ» አለው። ከበበው ቱታውን ገለባበጠና ሳቀ። «ምን አሞኝ?» አለ። ትሩፋትም ቀበሌው አጠገብ ድንኳን ተተክሎ በነጻ ሲለካ ጎትታ ወስዳው ነበር፤ ሰልፉን አየና፣ «እነዚህ ሕመምተኞች ናቸው፣ እኔ ምን አሞኝ?» ብሎ ተመለሰ። አንድ ምሽት እራት ላይ የጎረሰው ጉርሻ ካፉ ወደቀ፤ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተኛ። ሆስፒታል ሐኪሙ፣ «ግፊት እንዳለበት ታውቁ ነበር?» ሲል እናትና ልጅ ተያዩ። ያ መተያየት እስከ ዛሬ በመካከላቸው አለ፤ ሁለቱም አያነሱትም፣ ሁለቱም አይረሱትም።

ከአርባው በኋላ ሲስተር ቤተልሄም የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ስትለካ ወደዚህም ግቢ ገባች። ለእትዬ ገዲሴ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ስትጠይቅ፣ «እኔ ምን አሞኝ? ሐዘን ላይ ነኝ» አሏትና ፊታቸውን አዞሩ። ትሩፋት ግን እጇን ዘረጋች። ነርሷ ጣቷን ወግታ አየችና፣ «እማማ፣ ስኳር ገና አልያዘዎትም፤ ሊይዝዎት ግን ጫፍ ላይ ነዎት። ከተንቀሳቀሱ፣ ጣፋጩን ከቀነሱ ላይመጣም ይችላል። ከተቀመጡ ይመጣል» አለቻት። ከተቀመጡ ይመጣል። በሕይወቷ ሰው መቀመጧን እንደ በደል የነገራት ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጣች። አቶ ነጋ የሚባሉ ጡረተኛ የስፖርት መምህር በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሰብስበው የሚያሠሩበት ነው፤ እጅ ወደ ላይ፣ ወገብ ወደ ጎን፣ በአንድ እግር ቆሞ የአቡነ ዘበሰማያትን ግማሽ ማድረስ። እሁድ እሁድ ሲስተር ቤተልሄም መለኪያዋን ይዛ ትመጣለች። ትሩፋት በሐዘን ልብሷ ከዳር ቆማ ትሠራ ነበር፤ የቤት ሰው ኪዳን ነው የምትሄደው ብሎ ያስባል። ኪዳንም ታደርሳለች፤ ሜዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ አንዱን ጨርሳ ወደ አንዱ። ባለፈው ሳምንት ግን ረጅሙ ጥቁር ቀሚስ እግሯ ላይ ተጠምጥሞ ጣላት። መዳፏ ብቻ ተላጠ። አቶ ነጋ እያነሷት፣ «ወይዘሮ ትሩፋት፣ ዳሌ በዚህ ዕድሜ ከተሰበረ ሰውየው ተመልሶ አይነሳም። ወይ ቀሚሱን ይተዉ ወይ እኛን ይተዉን» አሏት። ሐዘኗንም ሳትጥል፣ እግሯንም ሳታጣ የምታድርበት መላ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች፤ ትናንት ቱታውን ከሣጥኑ ሥር አውጥታ፣ ወገቡን አጥብባ፣ እንደ ማንኛውም የሐዘን ልብስ አሮጌ ድስት ውስጥ ከጥቁር ቀለምና ከጨው ጋር ቀቀለችው። ማንንም የሚያስቀይም ነገር የሠራች አልመሰላትም። እንዲያውም ለሟቹ የተደረገ አክብሮት መስሏት ነበር።

አሁን የነጠላውን ነጠብጣብ የሚያስለቅቅ ነገር ፍለጋ ወደ ኑሪ ሱቅ ወጣች። የሰፈሩ መንገድ ለቱቦ ተቆፍሮ ከክረምት ጀምሮ ስላልተዘጋ፣ በአፈር ክምሩ ላይ እንደ ፍየል እየተዘለለ ነው የሚኬደው። ኑሪ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን ያያል፤ በረኪና ስትጠይቀው ቀና አለ።

«እትዬ ትሩፋት፣ ትናንት ጥቁር ቀለም፣ ዛሬ በረኪና! ሐዘኑን ማቅለም ነው ማንጣት የተያዘው?»

«ተወኝ እስቲ ኑሪ፣ የቀልድ ቀን አይደለም። ስንት ሆነ በረኪናው?»

«ጨምሯል።»

«ባለፈው ሳምንት ነው የጨመረው እኮ።»

«እሱማ ያለፈው ሳምንት ጭማሪ ነው፤ ይሄ የዚህ ሳምንት ነው። ሳሙናውም፣ ዘይቱም፣ ቀለሙም። ወላሂ፣ ያልጨመረ ሞት ብቻ ነው።» ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። «እውነት ነው ግን የሚሉት? ሜዳ ላይ ይዘላሉ ይባላል።»

ወሬው ከሽቦው እስከ ሱቁ ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። በዚያ በተቆፈረ መንገድ እንዴት ቶሎ እንደመጣ ገረማት። «አልዘልም፣ እራመዳለሁ» አለች። «የሚዘለውማ እዚህ መንገዳችሁ ላይ ነው።» ኑሪ ሳቀ፤ እሷ ግን ስትመለስ ፊቷ እንደ ተኮሳተረ ነበር። ትዘላለች። ቃሉን ያወጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ በባል ሐዘን ላይ ላለች ሴት ከዚህ የከፋ ቃል ግን የለም። ጠጣች ቢሉ ይሻል ነበር፤ ጠጥቶ ማልቀስ አለ።

አባ ኢያቄም የመጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ቀኑ የጽጌ ጾም ቅዳሜ ነው። የቤቱ የንስሐ አባት ናቸው፤ ከበበውን የቀበሩት እሳቸው፣ ኖላዊን ያጠመቁት እሳቸው። ደረታቸው እንደ ወንፊት እያፏጨ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቤቱ ውስጥ ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ገዲሴ ፍራሹ ላይ፣ ኖላዊ ከሥራ እንደመጣ በሩ አጠገብ፣ ትሩፋት ጓዳ በራፍ ላይ ቆማ። ሻይ ቀረበ። እትዬ ገዲሴ ስኳሩን ማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ፣ ሳያማስሉ፣ ክሱን አቀረቡ። ነጠላው ተዘረጋ። ነጠብጣቡ በበረኪናው ቡናማ ሆኖ ጭራሽ ተንሰራፍቷል።

«አባ፣ እኔ ስለ ነጠላዬ አይደለም» አሉ እትዬ ገዲሴ። «ነጠላ ይታጠባል፣ ባይታጠብ ይቃጠላል። ወንድሜ ሰባት ወር ሆነው። ሚስቱ ልብሱን ለብሳ ሜዳ ላይ ከወንድ ጋር እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። አገራችን ይህን አያውቅም። እናቴ አባቴን ስታዝን ዓመት ሙሉ ከመደብ አልወረደችም።»

«ከዚያስ?» አለች ትሩፋት ከበራፉ።

«ምን ከዚያስ?»

«ከዓመቱ በኋላ ወረዱ ወይ?»

እትዬ ገዲሴ ሻያቸውን አንስተው እስከ ጭላጩ ጠጡና ጣሳ ሙሉ ውሃ አስከተሉበት። እናታቸው ከዚያ መደብ በቃሬዛ እንደወረዱ ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

አባ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። «መቀመጡ በመጽሐፍ የታዘዘ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የታዘዘው ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው።» ትሩፋት ቀና አለች። «ነገር ግን» አሉ ቀጥለው፣ የእትዬ ገዲሴን ፊት ሰረቅ አድርገው አይተው፣ «የሰውም ዓይን አለ። ለወንድም መሰናክል አለመሆንም ትእዛዝ ነው። የቀረው ጥቂት ወር ነው። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ብትታገሺ ምን ይጎድልብሻል፣ ልጄ?»

«እግሬ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ያጸናልሻል።»

«አሜን» አለች። ለእንዲህ ያለው ቃል ከአሜን ሌላ መልስ የለውም። ልጇን አየችው። ያ ቱታ በማን ገንዘብ ተገዝቶ፣ በምን ምክንያት እንደተገዛ ከዚህ ቤት ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ኖላዊ ግን የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ እየጠረገ፣ «እማዬ፣ እቤት ውስጥ ብትሠሪስ? ሰው ሳያይሽ። ካስፈለገ የሩጫ ማሽን በረጅም ጊዜ ክፍያ እገዛልሻለሁ» አለ።

«የት ላይ ይቀመጣል? አክስትህ ላይ?»

ኖላዊ ወደ መሬት አየ። ማንም አልሳቀም፤ ጓዳ የነበረው ድስት ብቻ ክዳኑን አንቀጫቀጨ። አባ አንድ አባታችን ሆይ አድርሰው፣ ቤቱን ባርከው፣ ተነሡ። ትሩፋት እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ወደ ኋላ ተገላምጠው ማንም እንደሌለ አዩ። «ያቺ ልጅ…» አሉ በሹክሹክታ፣ «ያቺ የምትለካው ነርስ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላም ትቆያለች? ደረቴን ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል።»

ትሩፋትን መናደድም መሳቅም አማራት፤ ሁለቱም አልመጣላትም። «ትቆያለች፣ አባ» አለች። «ግን ሰው እንዳያይዎት።»

ስትመለስ እትዬ ገዲሴ አሸናፊ ሆነው፣ ሆኖም ደስ ሳይላቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው የውስጥ እግራቸውን ለማየት ይንጠራራሉ። ወገባቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። የጠዋቱ ቀለም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ደርቆባቸዋል። «ነገ ጫማዬን አውልቄ መቅደስ በዚህ እግር ልግባ? የሰይጣን እግር አስመሰልሽኝ እኮ» አሉ። እግር ማጠብ ለትሩፋት አዲስ አልነበረም፤ አማቷንም አጥባለች፣ እሳቸውንም ከፍቼ ሲመጡ አጥባለች፣ እና ቂም ይዞ ከማደር ሳፋ ይዞ መንበርከክ ይቀላታል። የፈላ ውሃ ከማንቆርቆሪያው ሳፋው ውስጥ ገለበጠችና ቀዝቃዛ ለማምጣት ወደ ቧንቧው ወጣች። ስትመለስ እትዬ ገዲሴ ቀኝ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው ጸጥ ብለዋል። እንፋሎቱ እስከ ጉልበታቸው ይወጣል።

«እትዬ! ኧረ ያቃጥልዎታል!»

«ምኑ?»

ትሩፋት እግራቸውን ለማውጣት እጇን ስትከት መልሳ አወጣችው፤ ጣቷ ነደደ። ቀዝቃዛውን ሁሉ ገለበጠችበት። የእትዬ ገዲሴ ቆዳ ቀልቷል፤ ፊታቸው ላይ ግን አንድ ጡንቻ አልተንቀሳቀሰም። «ለብ ያለ ነው እኮ» አሉ። «የኔ እግር ከክረምት ጀምሮ ጥጥ የረገጠ ነው የሚመስለኝ፣ ሙቀት አያውቅም።» ትሩፋት በሳሙናና በጨርቅ ማሸት ጀመረች። ከጣቶቹ መካከል ቀለሙ እየለቀቀ ውሃው ጠቆረ። ከላይ ነጣ። ጎኑ ነጣ። ተረከዙ ሥር ያለው አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ያህል፣ አለቅም አለ። ደግማ አሸችው። ሳሙና ጨመረች። ከዚያ እግሩን ወደ በሩ ብርሃን አነሳችና ጎንበስ አለች፣ እና ከስንት ሳምንት ጀምሮ የፍራሹ ነው እያለች በረኪና የምትረጭበትን ያንን ሽታ፣ ከየት እንደሚመጣ አወቀችው።

ቀለም አልነበረም። ጉድጓድ ነበር። ዳሩ ጠቁሯል፣ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ከመካከሉ አንዲት የብርጭቆ ስባሪ ብልጭ ትላለች። ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ የተሰበረው መቼ እንደነበር ትሩፋት አሰበች፤ ከመስቀል በፊት ነው። እትዬ ገዲሴ ከመስቀል በፊት ጀምረው ብርጭቆ ረግጠው ይሄዳሉ። የጠዋቱ የወለቀ ጫማ መጣባት። የጣሳው ውሃ መጣባት፤ በየሌሊቱ ግቢውን አቋርጠው ሽንት ቤት የሚመላለሱት እርምጃም። ሲስተር ቤተልሄም በየእሁዱ ሜዳ ላይ ለሚሠሩት ትላቸው ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ አይነግረውም፣ መስታወት መሬት ላይ አድርጋችሁ የውስጥ እግራችሁን እዩ። ትሩፋት የራሷን በየማታው ታይ ነበር። የሌላ ሰው እግር ማየት አላሰበችም።

«ያምዎታል?» ስትል ቁስሉን ዙሪያውን ጫን አለችው።

«ምኑ?» አሉ እትዬ ገዲሴ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ። «ጨረስሽ?»

«ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ሞኝ ነሽ? ምን አሞኝ?»

ይህን ቃል በዚህ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው ሰው ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። ትሩፋት ተነሣች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆኖባት፣ «ኖላዊ!» ብላ ጮኸች፤ ልጇም ሮጦ ገባ፤ የተገለበጠውን እግር አየና ዓይኑን መለሰ። ባጃጅ በተቆፈረው መንገድ አይገባም። እስከ አስፋልቱ ያለው ዳገት በእግር ነው፤ እትዬ ገዲሴ ደግሞ ያንን እግር መርገጥ የለባቸውም። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አሰሩና በግራና በቀኝ ትከሻቸውን አስደግፈው አነሷቸው። ገና በሩን ሳያልፉ የትሩፋት ረጅም ቀሚስ እግሯ ሥር ገባና ሦስቱም ተንገዳገዱ፤ ኖላዊ የበሩን መቃን ባይዝ ኖሮ አንዳቸው በአንዳቸው ላይ ነበሩ።

«ያዛቸው» አለችና ወጣች። ቱታውን ከሽቦው ላይ መዘዘችው። ወገቡ ገና እርጥብ ነው። ጓዳ ገብታ ቀሚሷን አወለቀች፣ ቱታውን ለበሰች፣ ጥቁር ነጠላዋን ከላይ ጣል አደረገች። ስትወጣ ኖላዊ አፉን ከፈተ። «እማዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ…»

«አቅፈህ ያዝ።»

ሰፈሩም ሁሉ አየ። የግቢው በሮች አሁን ጆሮ ብቻ አልነበሩም። ኑሪ ከሱቁ ወጥቶ ቆመ። በአፈር ክምሩ ላይ ሲወጡ ኖላዊ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመረ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ልጅ ነው፣ ሁለት ጊዜ እንቁም አለ። ትሩፋትንም አልቧታል። ጉልበቷ ግን አልከዳትም። በአንድ እግር ቆማ፣ ሌላውን ድንጋይ ላይ ፈልጋ፣ የእትዬ ገዲሴን ክብደት ከትከሻዋ ወደ ዳሌዋ እያሸጋገረች ስትወጣ፣ ይህን ነገር የት እንደተማረችው ታውቃለች። የሚያይ ሰው ሁሉ ትዘላለች እንዲል ፈቀደችለት።

ጤና ጣቢያው ቅዳሜ ከሰዓት ድንገተኛ ብቻ ነው የሚቀበለው። በመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት ካርድ ጸሐፊ ቀና ብሎ ሁለቱን ሴቶች አየ፤ አንዷ በእርጥብ ቱታ፣ ነጭ መስመር በጎንና በጎን፣ እጇ እስከ ክርኗ ጥቁር። ሌላዋ ነጠብጣባም ነጠላ ተከናንበው፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ዳኛ።

«ታማሚዋ የትኛዋ ናት?»

«እሷ ናት» አሉ እትዬ ገዲሴ ወደ ትሩፋት እየጠቆሙ። «እሷን መዝግባት። ጠዋት ጠዋት ሜዳ ላይ የምትዘል እሷ ናት፤ እኔ ምንም አላመመኝም።»

ትሩፋት አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እግራቸውን በጭኗ ላይ፣ በቱታው ላይ አድርጋ ጨርቁን ፈታችው። ወጣቱ ከመስኮቱ ዘንበል ብሎ አየ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳይመዘግብ ተነሥቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል እየሮጠ የሆነ ሰው ጠራ። ነጭ ለባሾቹ ሲመጡና እግሩን ሲያዩ እርስ በርስ የተነጋገሩት ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ አንዱ፣ «መቼ ነው የጀመረዎት? እንዴት እስከ ዛሬ?» ሲል እናትና ልጅ ደግመው ተያዩ። በዚህ ጊዜ ዓይኑን ቀድሞ ያልሰበረው ኖላዊ ነው።

እትዬ ገዲሴ የሚባለውን ሁሉ እንዳልሰሙ ሆነው ግድግዳውን ያያሉ። እጃቸው ግን፣ ራሳቸው ሳያውቁት፣ ከነጠላው ሥር ወጥቶ የትሩፋትን ጉልበት ያዘ። ይዘውት ቆዩ። ጨርቁን በጣታቸው አሹት።

«እርጥብ ነው እኮ ይሄ» አሉ በቁጣ። «ምናለ እስኪደርቅ ብትጠብቂ? ኋላ ብርድ ይመታሻል።»